ፒሩን የከፈልኩበት ምሳ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ጥላዬ አድማሱ፣ ደብረ ማርቆስ።

አባዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ ዝናቡ ሳይመጣ መጠዝጠዝ ጀመረ ወይስ ዘንድሮ ታገሰዎት? እማዬስ የግፊቷን መድኃኒት በሰዓቱ ትወስዳለች ወይስ እንደ ልማዷ «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለች ትዘለዋለች? የስፌት መኪናዎስ? ስለ እሷ ካልጠየቅሁ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ ከመወፈሬ ሌላ የሚነገር ሕመም የለብኝም።

ከአራት ዓመት በፊት ስሸኝ «ቻይንኛ ተምረሽ ከማን ልታወሪበት ነው?» ብለውኝ ነበር። ይኸው ያወራሁበትን ልንገርዎ። የመመረቂያ ጽሑፌ እዚህ ሰዎች በስማቸው አጠራር የተነሳ ስለሚፈሯቸው ነገሮች ነው። አንድ ቃል አጠራሩ ከክፉ ቃል ጋር ከገጠመ ነገሩን ራሱን ይሸሹታል። እኔ በዚህ ጉዳይ አዋቂ ነኝ እያልኩ ስንጎራደድ ነበር።

በሚያዝያ አንድ እሑድ የመጨረሻውን ቅጂ ላደርስ አማካሪዬ ቤት ሄድኩ። መምህርት ሸን ይባላሉ፤ ስድሳን ያለፉ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው የማይለይ፣ ከፊደል አንዲት ጭረት ከጎደለች ገጹን እንደ አዲስ የሚያስጽፉ ሴት ናቸው። እሳቸው ካልፈረሙ ምረቃ የለም። ወረቀቱን ሰጥቼ ልወጣ ስል ቤቱ ሽር ጉድ ላይ ነው። ለካ የልጃቸው የሩዎላን እጮኛ፣ ፐንግ ካይ፣ እናቱን ከሉዎያንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ የመጣበት ቀን ኖሯል። «ምሳ ሳትበዪማ አትሄጂም» አሉኝ መምህርት ሸን።

የፐንግ ካይ እናት እንደ ዳኛ ተቀምጠው ቤቱን በዓይናቸው ይመዝናሉ። ለልጃቸው ሌላ ሴት አስበው እንደነበር ሩዎላን ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነገረችኝ። «ዛሬ አንድ ነገር ከተበላሸ አለቀልኝ» አለች። «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ!» አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!

በገበታው ላይ ግን አላሳፈርኩም። የመብያ እንጨቶቼን ለሙት እንደሚሰካ ዕጣን ሩዝ ላይ አልተከልኩም፤ ጀልባ ያሰምጣል ስለሚሉ ዓሣውን አልገለበጥኩም፤ ለትልልቆቹ ሻይ የቀዳሁት በሁለት እጄ ነው። እናትየው ሳይቀሩ «ይቺስ ከእኛ ልጆች ትሻላለች» ብለው ፐንግ ካይን በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ምስጋናው እንደ ጠጅ ራሴ ላይ ወጣ።

ፍራፍሬ ቀርቦ ተበላና ፒር የሚሏት ፖም መሳይ ፍሬ አንዲት ትልቅ ቀረች። ሁለቱ እጮኛሞች «አንቺ ብዪ»፣ «አንተ ብላ» ሲባባሉ አንጀቴን በሉት። ቢላዋ አንስቼ እኩል ለሁለት ከፈልኳት። አንዱን ግማሽ ሩዎላንን እንደ አገሬ ደንብ በእጄ አስገመጥኳትና አስያዝኳት፤ ሌላውን ፐንግ ካይ ተቀበለኝ።

አባዬ፣ በቋንቋቸው «ፒር መክፈል» እና «መለያየት» አጠራራቸው አንድ ነው።

«ወይኔ ልጄን! ለያየቻቸው!» ብለው እናትየው ብድግ አሉና ቦርሳቸውን ፈለጉ። ሩዎላን የገመጠችውን እንዳትውጠው ፈራች፣ እንዳትተፋው አፈረች። የመምህርቷ ባል ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። መምህርት ሸን መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፌን ገለጡ። «ገጽ ሃያ ሦስት» አሉ ቀስ ብለው። «ፒር በሚዋደዱ ሰዎች መካከል አይከፈልም። ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው?»

ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ ሁለቱንም ግማሽ ከእጃቸው ነጠቅሁ። «እትዬ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። «ከዚህ ቤት ተለይታ የምትሄደው እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ አገሬ እገባለሁ። መለያየቱ የእኔ ድርሻ ነው፤ እነሱን አይነካም።» ይህን ብዬ ፒሩን እየገመጥኩ ጨረስኩት።

እናትየው እንደ ቆሙ ናቸው። ጣታቸውን ወደ ሳህኔ ቀሰሩ፤ «መሃሉስ?» መሃሉንም በላሁ። «ፍሬዎቹስ?» እነሱንም እየቆጠሩ አስዋጡኝ። «እንጨቱ ቀርቷል» ሲሉ መምህርት ሸን ሳቃቸው አመለጣቸው። ሩዎላን የገመጠችውን መሐረብ ላይ ተፋች፤ እሱን እንኳ ማሩኝ። ከዚያ እናትየው ራሳቸው ወንበር ላይ ወድቀው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ስወጣ እስከ በሩ ተከተሉኝ። «የምትሄጂው እውነትሽን ነው? ሠርጉ እኮ መስከረም ነው» አሉ። እውነቴን ነው አልኳቸው። እጄን እንደ ያዙ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ሰኔ ላይ አድርገው!» አሉት።

መምህርት ሸን ፈረሙ። በገጽ ሃያ ሦስት ጠርዝ ላይ በቀይ የጻፉትን ልተርጉምልዎ፦ «ጸሐፊዋ ይህን በራሷ ሞክራ አረጋግጣለች።» ትናንት ፈታኞቹ ፊት ቀርቤ አለፍኩ። ሠርጉ ሰኔ 23 ነው፤ እኔም ሐምሌ አጋማሽ ላይ እመጣለሁ። ያን ቀን በቀልድ የበላሁት መለያየት ግን አሁን ሻንጣዬን ባየሁ ቁጥር አልፈጭ ይለኛል። ስደርስ ዓይኔ ቀልቶ ካዩ የመንገድ አቧራ ነው ብለው ለእማዬ ይንገሩልኝ።

እማዬን ጉንጭ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለአጎቴ ለቢምረውና ለጠየቀኝ ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ። አክስቴ የሻረግ «ባል አግኝታ ይሆን?» እያለች እንዳትጨነቅ ይንገሯት፤ ለጊዜው ሌሎችን ማጋባት ይዣለሁ። ታናሽ እህቴን አስናቀችን ደግሞ፣ ቻይንኛ አስተምሪኝ ብላ የጻፈችልኝ ደርሶኛል ይበሏት፤ ተስማምቻለሁ፣ ቢላዋ ግን አላስይዛትም።

ልጅዎ ወለላ ጥላዬ
ካይፈንግ፣ ግንቦት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.