የትሕትና ልደት መቼ ነው?

ይድረስ ለእህቴ ለዙፋን፤ የቤይሩት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ቡሬ ሰዉም ከብቱም በቆሎውም ሳይቀር ደህና ነን።

ልጄ ትሕትና አንቺ ዘንድ ለመምጣት ፓስፖርት ስትጠይቅ የልደት ቀኗ አልገጥም አለ። ቄሰ ገበዙ በክርስትና ካርዷ ላይ ልደቷን ትተው፣ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳችበትን ጽፈውታል። የትምህርት ቤቱ ደግሞ ሌላ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው የልደት መዝገብ ጸሐፊ «አባት መጥተው ይመስክሩ» አለና በሚኒባስ ሄድኩ።

በኅዳር ሚካኤል ተወለደች አልኩት። ሊያትመው ሲል የሰኔው ሚካኤል መሆኑ ትዝ አለኝ። እሱም አረመ። በማግስቱ ተመልሼ፣ «ለካ ያን ቀን ጤፍ ስወቃ ነበር፤ በሰኔ ማን ይወቃል?» አልኩት። ተጣርቶ ቢጻፍ ይሻላል ብዬ እኮ ነው! ሰውየው እስክሪብቶውን ወርውሮ፣ «አባቴ፣ ለመሆኑ ልጅቷ ተወልዳለች?» ብሎ ጮኸብኝ።

ትሕትና አኮረፈችኝ። በኋላ እናቷ ወይኒቱ ሄዳ ቀኑን ከነሰዓቱ ተናግራ ጨረሰችው። ማን ጠየቃት?

አንቺ ለሁለት ዓመት ብለሽ ስትሄጂ፣ ለመመለሻሽ ብለን ያስቀመጥነው ወይፈን አርሶ አርሶ አርጅቷል። እሱም ሰላም ይልሻል።

ፓስፖርቱ ትናንት ወጣ። ፎቶው ግን ልጄን አልመስል አለኝ። ነገ በማለዳ ሄጄ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ።

በይ እህቴ፣ አምላክ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን፤ እዚሁ ቡሬ።

ወንድምሽ ቸኮለ