ሳይቀመስ ዜሮ ስለተሰጠው የመጀመሪያው ብርጭቆ

ለክቡር አቶ አስናቀ
የመጠጥ ቀማሾች ምዘና ማዕከል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው የማዕከሉ ባልደረቦች ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ በተለይም የሚመሩት ተቋም የቆመው በአፍንጫና በምላስ ነውና የእርስዎ አፍንጫና ምላስ ደህና መሆናቸው የዘወትር ሐሳቤ መሆኑን እንዲያውቁልኝ እሻለሁ። በዚህ ወር የጣና ነፋስ ጉንፋን ይዞ ይመጣልና ከቢሮ ሲወጡ አንገትዎን ጠቅለል ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

እኔ ሰብለ ወንጌል ወልደ ዮሐንስ እባላለሁ። በደንገል ቢራ ፋብሪካ ቅምሻ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካለፈው ወር ጀምሮ ግን የምገኘው በጠርሙስ ማጠቢያው ነው። ለዚህ ዝውውር ያበቃኝ ማዕከልዎ ስለሆነ ምስጋናዬን ሰው ሁሉ ሊያነበው በሚችል ደብዳቤ ማቅረብ ይገባኛል ብዬ አሰብሁ። እንደሚያውቁት ፋብሪካችን ከዘንድሮ ጀምሮ የእርስዎን ምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው ቢራ ቀምሶ አስተያየት እንዳይሰጥ ወስኗል፤ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ምስክር ወረቀቱን ያላመጣ በተዛወረበት ይጸናል። ማለፊያው ስልሳ ሲሆን እኔ ያመጣሁት ሃምሳ ስምንት ነው። ድጋሚ ልፈተን ብዬ ባመለክት ጽሕፈት ቤትዎ ድጋሚ ፈተና የሚሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ እንደሆነ በሦስት ማኅተም አረጋግጦ መልሶልኛል፤ ማኅተሞቹ አንዳቸውም ሳይደበዝዙ ቁልጭ ብለው መታተማቸውን ሳላደንቅ አላልፍም።

ጊዜዎ ውድ ስለሆነ ቅሬታዎቼን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

፩. ማዕከልዎ ያደለን መጽሐፍ ሰማንያ አራት የቢራ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ከእነዚህ ውስጥ በባሕር ዳር የሚገኙት አራት ናቸው። የቀሩትን ሰማንያውን ሳናይ፣ ሳናሸት፣ ሳንቀምስ እናውቃቸው ዘንድ መፈቀዱ ለእምነታችን ጽናት የተሰጠ ትልቅ ግምት መሆኑን ተረድቼ ጥናቱን ጀመርሁ።

እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቅዎ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ይባላሉ፤ በሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ፤ የፋብሪካ ቢራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። መጽሐፉ የሚቀመስ ሳይሆን በቃል የሚያዝ መሆኑን ሲያዩ ግን ‹ይኼማ የእኔ ሥራ ነው› አሉና ተማሪ እንደሚያስቀጽሉ ያስቀጽሉኝ ጀመር። ከቅዳሴ መልስ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ የየቢራውን ቀለም፣ የምሬቱን ቁጥርና የአረፋውን ቁመት በዜማ እላለሁ፤ ስሳሳት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ቀለም ሊቀጽሉ የመጡት ተማሪዎቻቸውም ይህ የምን ድጓ እንደሆነ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። በሁለት ወር ውስጥ አባቴ ሰማንያ አራቱንም ከእኔ ቀድመው በቃላቸው ይዘዋቸዋል። ዛሬ ጠርቶ የሚጠይቃቸው ቢገኝ የአየርላንዱን ጥቁር ቢራ ከነምሬቱ ቁጥር አንድ ግድፈት ሳይኖርባቸው ይነግሩታል። ማዕከልዎ በያዘው አሠራር ከሆነ እኔን ከመፈተን እሳቸውን መፈተን ይቀል ነበር።

፪. መጽሐፉ በገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ አንድ የቤልጂግ ኮምጣጣ ቢራ ‹የፈረስ ልብስ ሽታ አለው› ይላል። እኔም ለትምህርት የተጻፈን ነገር በዋዛ የማላይ ሰው ስለሆንሁ በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ዱርቤቴ ወረድሁ፤ አንድ ባለጋሪም ፈረሱ ጀርባ ላይ ያለውን ድሪቶ አንድ ጊዜ ባሸትተው ፈቃዱ እንደሆነ በትሕትና ጠየቅሁት። ሰውዬው ፈረሱንም እኔንም ተራ በተራ አየን። አሸተትሁ፤ ማስታወሻ ያዝሁ፤ ለማረጋገጥ ደግሜ አሸተትሁ። በዚህን ጊዜ ባለጋሪው ‹እኅትዓለም፣ ጠበሉ ቅርብ ነው፣ በነጻ አደርስሻለሁ› አለኝ። ይህን የመሰለ ደግ ሰው ስላገናኘኝ ማዕከልዎን አመሰግናለሁ። የተባለው ቢራ በፈተናው ላይ ሳይመጣ ቀረ።

፫. የሦስተኛው ቅሬታ ነገር ትዝ ሲለኝ እስካሁን ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ፈታኜ አቶ ገድሉ የሚባሉ፣ ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ረጋ ያሉ ሽበታም አባት ነበሩ። ስምንት ናሙና በተራ ይቀርብልናል፤ ለእያንዳንዱ የተመደበው አምስት ደቂቃ ነው። አቶ ገድሉ የመጀመሪያውን ከተሸፈነ ጠርሙስ ቀድተው ከፊቴ አስቀመጡልኝና ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። እኔም ቀምሰው እስኪሰጡኝ መጠበቅ ጀመርሁ።

ክቡርነትዎ ከአገር ርቀው አድገው እንደሆነ ላስረዳዎ። በእኛ ቤት መጠጥ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም፤ እናቴ የሺመቤት ማኅበርተኞቿን ጠላ ስታጠጣ ማንቆርቆሪያው በሞላ ቁጥር ትቀምሳለች፤ ቀጂው ሳይቀምሰው የእንግዳ አፍ የሚነካ መጠጥ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ በፋብሪካው ስቀምስ የምቀዳውም የምጠጣውም ራሴ ስለነበርሁ ይህ አስተዳደግ ከሥራዬ ጋር ተጋጭቶ አያውቅም ነበር። አባቴ የሚሆኑ ሰው በእጃቸው ቀድተው ሲያቀርቡልኝ ግን እጄ አልታዘዝ አለ። ‹ይቅመሱልኝ› ማለት ደግሞ ጭራሽ አይቻልም፤ እሱ ‹አላምንዎትም› ብሎ አዛውንት መስደብ ነው። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አቶ ገድሉም ያፈርሁ መስሏቸው ነው መሰለኝ እንድዝናና ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ፤ እኔ ደግሞ ሊቀምሱ ዞር ያሉ መስሎኝ ደስ አለኝ። በዚህ ሁኔታ ሁለት ጨዋ ሰዎች በአንድ ብርጭቆ ቢራ ግራና ቀኝ ሆነን አምስት ደቂቃ ሙሉ ተከባበርን፤ አረፋውም በመካከላችን ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያም ‹ጊዜው አልቋል፣ ልጄ› ብለው ብርጭቆውን አነሡት።

በውጤት ወረቀቴ ላይ ‹ተፈታኟ የመጀመሪያውን ናሙና መለየት አልቻለችም› ተብሎ ዜሮ ተጽፏል። ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር የጎደለኝ። ለአባቴ ይህን ስነግራቸው ‹ሰውዬውስ ቀምሶታል?› አሉኝ። አቶ ገድሉ እንዳልቀመሱ፣ መልሱ ከወረቀት ላይ እንደሚነበብ፣ የማዕከልዎ ፈታኞች በፈተና ሰዓት መቅመስ እንደማይጠበቅባቸው ገለጽሁላቸው። አባቴ አርባ ዓመት አስተምረዋል፤ እሳቸው የማያውቁትን ዜማ ተማሪ ላይ አርመው አያውቁም። ነገሩ ስላልገባቸው እንደገና እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ጥያቄያቸውን እንዳለ ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

፬. ይህ አጭር ነው። ሦስተኛው ናሙና ጢስ ጢስ የሚል ስለነበር ‹ጋኑ በጥንጁት በደንብ የታጠነ ይመስላል፣ የባለሙያ እጅ ያለበት ነው› ብዬ ጻፍሁ። አራሚው ከጎኑ ‹ተፈታኟ ስለ ዕቃ አጠባ ጽፋለች› ብለው አስፍረዋል። ትክክለኛው መልስ ‹በእንጨት ጢስ የደረቀ ብቅል› እንደነበር በኋላ ተነግሮኛል። ጢሱን ማግኘቴን ሳይሆን የየትኛውን አገር ጢስ እንዳስታወስሁ ለማረም ጊዜ ስለወሰዱ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

አሁን የምነግርዎ ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

አብሮኝ የተፈተነው ባልደረባዬ ቴዎ ሰባ አንድ አምጥቶ አልፏል። ቴዎ ጨዋ ልጅ ነው፤ መጽሐፉን ጥንቅቅ አድርጎ ይዟል፤ ብርጭቆ ሲያይም ከቀለሙ ተነሥቶ ስሙን ይገምታል። ችግሩ ሳይነስ ስላለበት ከጥቅምት እስከ ግንቦት ምንም አይሸተውም። ድሮ አጠገቤ ተቀምጦ ‹ሰብልዬ፣ በናትሽ አንዴ አሽትቺልኝ› ይለኝ ነበር፤ አሸትትለት ነበር፤ ቢራውም በሰላም ይወጣ ነበር። ዛሬ በዚያ ክፍል ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ፈራሚም እሱ ብቻ ነው። ካፊቴሪያ ስንገናኝ ዓይኑን ይሰብራል፤ እኔ ግን አልተቀየምሁትም።

በያዝነው ወር መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ከመሙያው የተሰበረ ጠርሙስ ወደ እኛ ክፍል መጣ። ገና ሳላጎነብስ ሸተተኝ። ቅቤ ነበር፤ የተነጠረ፣ ከነቅመሙ ቁጭ ያለ የሚመስል ቅቤ። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ከተቸኮለበት እንዲህ ይሆናል፤ ለጤና አይጎዳም፣ ሦስት ቀን ቢታገሡት ይጠፋል። ሮጬ ለፈረቃ ኃላፊው ጠርሙሱ የተሞላበት አራተኛው ታንክ ይቆይ አልሁ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ‹ምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ አሁኑኑ አስቆመዋለሁ› አለኝ። እጄ ላይ ያለው የጠርሙስ ብሩሽ ብቻ ነበር። ቴዎ ‹ንጹሕ› ብሎ ፈርሞ ነበርና ቢራው ወጣ። እኔም ወደ ማጠቢያው ተመለስሁና፣ ክቡር ሆይ፣ እንባዬ መጣ፤ ውኃው ስለሚረጭ ማንም አላወቀብኝም።

ጊዜው ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ግሮሰሪ ሁለት ጿሚዎች አንድ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው ‹ይኼ ያስገድፋል› ብለው ጠርሙሱን መለሱ፤ አስተናጋጁ ምንም ቅቤ እንደሌለበት ቢምልላቸው ‹ታዲያ ላሟ ከየት ገባች?› አሉት። ነገሩ እያደገ ሄዶ አንድ የተጨነቀ ሰው ገድፌ እንደሆነ ብሎ ለጥያቄ አባቴ ዘንድ መጣ። አባቴም ዓይናቸውን ጨፍነው ‹ገጽ ሃምሳ ሦስት፤ እርሾው ተቸኩሎበት ነው፤ አልገደፍህም፣ ሂድ› ብለው አሰናበቱት። እንግዲህ መጽሐፍዎ በባሕር ዳር አንድ ሰው አጽናንቷልና እንኳን ደስ አለዎ።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ለከተማው ጠጪ አዝኜ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። ያን ክፍል እወደዋለሁ። ጠዋት ገብቼ መስኮቱን ከፍቼ፣ ብርጭቆዎቹን ደርድሬ፣ ከየታንኩ የመጣውን አንድ በአንድ ማሽተት እወዳለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሙያ የለኝም፣ ይህን ግን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ባለው ጊዜ በሚመችዎ ቀን ያን የመጀመሪያ ናሙና አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀዱልኝ። ቢሹ ዓይኔን ይሸፍኑኝ፤ ቢሹ አሥር ፈታኝ በዙሪያዬ ያቁሙ። ማን ቀምሶ ማን እንዳልቀመሰ ሳልጠይቅ እንደምጠጣው በዚህ ፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ያልቀመሱትን ለማረም የማይቸገረው ብርቱ ተቋምዎ ዘመኑ እንዲረዝም፣ የማኅተሞችዎም ቀለም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ ምስክር ወረቀት ባይኖረኝም ምላስ ያልተነፈግሁ፣ በእርጥብ እጄ እጅ የምነሣዎ፣

ሰብለ ወንጌል ወልደ ዮሐንስ
ደንገል ቢራ ፋብሪካ፣ ጠርሙስ ማጠቢያ ክፍል
መጋቢት ፳፪ ቀን፣ ባሕር ዳር

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ቅዳሜ ማዕከልዎ ለአርባ አዳዲስ ተመራቂዎቹ በሚያደርገው ግብዣ ላይ እንዲቀርብ ፋብሪካችን ሃያ ሳጥን ቢራ በስጦታ እንደላከ ከጫኞቹ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሳጥኖቹ ከየትኛው ታንክ እንደተሞሉ ልነግርዎ ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ምስክር ወረቀት በቢራ ላይ አስተያየት መስጠት እንደማይፈቀድልኝ ሳስታውስ መልሼ አስቀመጥሁት። ደግሞም አርባ የተመሰከረላቸው ቀማሾች በተሰበሰቡበት አዳራሽ የእኔ አፍንጫ ለምን ያስፈልጋል? ሰኞ ጠዋት ጠርሙሶቹ ሊታጠቡ ወደ እኔ ይመለሳሉ፤ ባዷቸውን ከመጡ የአርባዎቹን ውጤት አርሜ እልክልዎታለሁ።