የበሩን ነገር ለምን ጠየቅሽ?

ለናፈቅሽኝ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ? ሕፃኑስ ጥርስ አበቀለ? እኛ ደኅና ነን፤ ደኅና የሚባለውን ያህል። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ ጆሮዋን እየጣለች አስቸገረችኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው ሳምንት የወንድም ጋሼ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ የነበረው ወታደር በክራንች እየሄደ ሊያጽናናን መጣ። ወንድማችን ተራ ወታደር ሆኖ እንደገባ፣ ድልድዩ ላይ አዛዡ ሲወድቅ የቀሩትን ሰብስቦ ስላወጣ የመቶ መሪ እንደሆነ፣ ከዚያም ሻለቃ፣ ኋላም ብርጌድ እንዳዘዘ አጫወተን። ወታደሮቹ «ቀስ በሉ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ ጥይት እየዘነበ እንኳ ያቺ ቃል ከአፉ አትጠፋም ነበር። እማዬ ይሄኔ ሳቀች። እዚህ ቤት ግን ሻይ እስኪፈላ መታገሥ የማይችል ችኩል ነበር አለችው። እሱ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ሰውየው ሳያስበው አንድ ነገር አመለጠው። አዛዣችን ከየውጊያው በፊት ቤት ይደውሉ ነበር፣ ስለ ውጊያው ግን ትንፍሽ አይሉም አለ። እማዬ ስኒዋን መሬት አስቀመጠች። ቧንቧው ማንጠባጠቡን ተወ ወይ፣ ድመቷ ወለደች ወይ እያለ ሲያደርቃት፣ ልጄ ጦር ሜዳ ሄዶ ሥራ ፈታ ብላ ስትስቅበት ትዝ ይልሽ የለ? በመጨረሻው ቀን የጠየቃት ስለ ብርድ ልብሷ ነበር።

አንቺ ደግሞ ማክሰኞ ደውለሽ የጓዳው በር አሁንም ይጮኻል ወይ አልሽ። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ልጄ ምን ልትገባበት ነው እያለች እህል አልቀምስ ብላለች። ኧረ እማዬ፣ እትዬ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት እንጂ ወታደር አይደለችም ብላት፣ እሱም ደኅና ነኝ ይለኝ ነበር አለችኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ፈራሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲያስረዳ የሚታየኝ ያ በር ነው።

እባክሽ እትዬ፣ የደረሰብሽ ነገር ካለ ለኔ ጻፊልኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እችለዋለሁ። ምንም ከሌለም ደውለሽ በራስሽ አፍ ንገሪያት። ቤቱ ናፍቆኝ ነው በያት፤ እሱን ታምናለች።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። የሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ። ታናሿ እህታችን ጫማዬ ጠበበኝ በልልኝ ብላለች። እማዬ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ብዙ ትልሽ ነበር።

በሩ አሁንም ይጮኻል። ዘይት ልቀባው ብል እማዬ፣ መጥታ ትስማው፣ ተወው አለችኝ።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ከቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን