ሰሌዳ ላይ የጻፍከው ምሳሌ

ሞቱማ፣

ጊንጪ እህቴ ጋ ሄጃለሁ። ቁልፉን ለአከራያችን ለአዴ ወርቅቱ ሰጥቻቸዋለሁ። ውሃ ከመጣ በርሜሉን ሙላ። ምስር ወጡን ጨርሼዋለሁ፤ ለእሱ ይቅርታ።

ለሌላው ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ።

ባለፈው እዚህ ቤት "ኢፍ" ያለበትን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ስታለማምደኝ፣ "ከልብህ የሆነ ምሳሌ ስጠኝ፣ ያኔ ይገባሃል" አልከኝ። አምኜህ በእንግሊዝኛ፣ "ጉደር ወንዙ ዳር ቤት ቢኖረኝ ዶርቃስን አገባት ነበር" አልኩህ። ላንተ ብቻ ነው ያልኩት።

ትናንት በምታስተምረን ማጠናከሪያ ክፍል ሰሌዳው ላይ ጻፍከው። ስሟን እንኳ አልቀየርክም። ልጅቷ እዚያው ተቀምጣለች። "ይሄ ሁለተኛው የኢፍ ዓይነት ነው፤ ለማይሆን ነገር የምንጠቀምበት" ብለህ በዓይንህ ወደ እኔ ስትጠቅስ፣ ተማሪው ሁሉ አውካካ። እሷ አንገቷን ደፋች።

ቤት ስንገባ ደግሞ፣ "አቦ ተወው፣ ምሳሌ ነው እኮ" ትለኛለህ። የጠመኔው ብናኝ ገና ጣትህ ላይ እያለ በዚያው እጅህ ትጎርሳለህ። ከአንተ ጋር አንድ ትሪ ላይ መብላት ከእንግዲህ የምችል አይመስለኝም።

ትምህርቱ ግን ገብቶኛል። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ዘንድሮም ብወድቅ በአንተ አላሳብብም።

ሰኞ ክፍል እመጣለሁ፤ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ምሳሌ ካስፈለገህ እኔን ጥራኝ። ተነስቼ፣ እሷን እያየሁ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ራሴ እናገረዋለሁ።

የሚሆን ይሁን የማይሆን እሷ ትንገረኝ።

ሮባ