ክሩ የታየ ጎማ

ወንድም ጋሼ፣

መኪናዋን እንዳትነካት!
ቁልፉን በየኪስህ አትፈልግ፤ እኔ ጋ ነው።

የፊት ቀኙን ጎማ ጎንበስ ብለህ እየው። ትናንት “ጭረት ናት፣ እማዬን አምጥተን እንቀይረዋለን” ብለህ ያለፍካትን ቦታ በልብስ ጠመኔዬ ክብ አድርጌባታለሁ። ጥፍርህን ሰደድ ብታደርግባት የውስጡ ክር ይነካሃል። ከጎኗ ደግሞ የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት አለ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ የምውል ሰው ነኝ፤ ክሩ ከታየ አለቀ በቃ። ሱሪህ ቢሆን እጥፍልህ ነበር፤ ቢቀደድም የምታፍረው አንተ ብቻ ነህ። ይሄኛው ግን የሚፈነዳው እናታችን ከኋላ ተቀምጣ ነው።

አሁን ስሄድ ቁልፉን ለጎሚስታው ሰጥቼው አልፋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ስኮርታ ጎማውን ይገጥምልሃል። የእማዬ አውቶቡስ የሚገባው አምስት ሰዓት ስለሆነ ቀስ ብለህ ትደርሳለህ። እስከዚያ የቆለልከውን ሰሃን እጠብ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ እኔ ደግሞ አልነካውም ብያለሁ።

እና ደግሞ...
“ያኔ ጉድጓድ ውስጥ የገባሁ ጊዜ ነው” እያልክ ሳምንቱን ሙሉ ራስህን ስትወቅስ ሰነበትክ። ተው፣ ይብቃህ። ጎማውን የቀደደው ጉድጓድ አይደለም፤ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ያለው የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው።

በምን አወቅሽ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።
በተለይ እማዬ ፊት።

እህትህ