ላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለእታለም፤ ባቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ? ጉልበታቸው ቆመው መስገድ አስቻላቸው ወይስ አሁንም ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት? የግንቦት ሙቀት እናንተ ዘንድ እንዴት አድርጎ ያዛችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ኑርሁሴንም በሕይወት አለ። ይህን ያስቀደምኩት ከገበያተኛ አፍ ክፉ ወሬ ሰምተሽ ከሆነ ልብሽ ተሰቅሎ እንዳይቆይ ብዬ ነው።

ስልክ ብደውል ድምፄን ስትሰሚ እንደምትዘጊው አውቃለሁ፤ አልፈርድብሽም። ጣውንት ጣውንቷን «እንዴት ሰነበትሽ» ብትላት ማን ያምናታል? ግን ይህን ነገር ከእኔ ከራሴ እንድትሰሚው ፈለግሁ። ስለዚህ ለሰኞ ገበያ ወደ እናንተ ለምትወርደው ለኡምኩልሱም ሰጥቻታለሁ። በአላህ፣ ሳታነቢው አትቅደጂው።

ነገሩ ስለ ላስቲክ ቤትሽ ነው። «ላስቲክ ቤትሽ» የምለው አውቄ ነው። እንጨቱን ያቆምሽው፣ ላስቲኩን በገመድ የወጠርሽው፣ የጨፋን ገበሬ ሁሉ «የቲማቲም ችግኝ እሷ ዘንድ ነው» ያሰኘሽው አንቺ ነሽ። እኔ የመጣሁት ሌላ ሰው በለፋበት ላይ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ኑርሁሴን ሌላ ቬንትሌተር ገዛ። ከበሩ በላይ ካለው ከአንቺው ትይዩ፣ በወንዙ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሁለቱንም ደግሞ ወደ ውስጥ እንዲነፍሱ አዞራቸው። ነፋስ ከሁለት በኩል ከገባ ብርዱ እጥፍ ይሆናል ባይ ነው። መጀመሪያ ያበራው ቀን እንደ ሕፃን ደስ ብሎት እጄን ይዞ መሀል ላይ አቆመኝ። ነፋሱ ፊቴን መታኝ፤ ግን ከድስት ክዳን ሥር እንደሚወጣ እንፋሎት ነበር። «ጥሩ ነው» አልኩት። ምን ልበለው?

ብዙም ሳይቆይ ችግኙ ከአንገቱ እየቀጠነ ይወድቅ ጀመር። ላስቲኩ ከውስጥ ሲያልበው ይውላል። ጎረቤታችን ሀዲጃ አይታ፣ አንቺ ትይው የነበረውን ነገረችኝ፤ ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት፣ መውጫ ያጣ ነፋስ ሙቀቱን እዚያው ያማስለዋል እንጂ አያወጣውም ትይ ነበር አለችኝ። እውነት መሰለኝ። ራት ስንበላ ለኑርሁሴን ነገርኩት። እጁን ከትሪው መለሰ። «የእሷን ቃል በአንቺ አፍ አልሰማም» አለኝና ተነሣ።

ከዚያ ወዲያ ስምሽ በቤታችን አይነሣም ነበር። ወላሂ፣ አለመነሣቱ ከመነሣቱ ይብስ ነበር። ችግኝ በሞተ ቁጥር ቀና ብሎ እኔን ያያል። እኔም ጥፋቴን ሳላውቅ አንገቴን እደፋለሁ። ስንተኛም ስንነሣም በመካከላችን የሆነ ሰው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቀትር ላይ የተረፈውን ችግኝ ለጨፋ ገበሬ ሊያዘጋጅ ገባ። ፍየሎች እንዳይገቡበት በሩን ከውስጥ በሽቦ አሰረው። እኔ ደጅ ምስር እለቅማለሁ። መብራት ጠፋ። የቬንትሌተሮቹ ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ዝም አለ። ውጣ፣ ሙቀቱ አይቻልም ብዬ ጮኽኩ። ውሃ ልርጭበት፣ አለዚያ ያልቃል፣ ተይኝ አለኝ። ድምፁ የሰከረ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ።

ጠራሁት። ዝም። ላስቲኩ በላብ ተሸፍኖ ውስጡ አይታይም፤ ታች መሬት ላይ የሸሚዙ ጥላ ብቻ ይታየኛል፤ አይንቀሳቀስም። በሩን ገፋሁት። የችግኝ መደርደሪያው ተደፍቶ ከኋላው ዘግቶታል። በጩኸቴ ሀዲጃ ደረሰች፤ ራሷን ይዛ «ማል ጎና! ማል ጎና!» ትላለች፤ እኔ ምን እንደምናደርግ ባውቅ መች እጮኽ ነበር? አያ ሙሳ ከዙሁር ሶላት ሲመለሱ ሰምተው ሮጠው መጡ። በትከሻቸው ገፉት፤ አልሆነም። ብረት ይምጣና በሩን እንንቀለው አሉ። ማጭዱን ሳነሣ ሲያዩኝ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ ይህን ከቀደድሽው ፀሐዩ ችግኙን ይጨርሰዋል፤ ጉሮሯችሁ እኮ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ብረቱ እስኪመጣ ሰውዬው ይቆያል? ክንዴን አስለቀቅኋቸው።

ከላይ እስከ መሬቱ ቀደድኩት። ማጭዱ አንቺ የቋጠርሽው ገመድ ላይ ሲደርስ እምቢ አለኝ፤ ቋጠሮሽ ጠንካራ ነው፤ እያለቀስኩ መላልሼ መታሁት። እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ወጣ። ኑርሁሴን በግንባሩ ተደፍቷል፤ ቆዳው ላብ የለውም፤ እንደ ጋለ ድንጋይ ያቃጥላል። ከአያ ሙሳ ጋር በብብቱ ይዘን ጎተትነው፤ ሀዲጃ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋችበት። በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። እየተነፈሰ መሆኑን በመዳፌ እያየሁ ነው የደረስኩት።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለማንም አልተናገርኩም።

ግሉኮስ እየወረደለት ዓይኑን ገለጠ፤ ግን አያይም። ስምሽን ጠራ። የተሳሳትኩ መሰለኝ፤ ደግሞ ጠራ። እጄን ያዘና «መጣሽ?» አለኝ። «ያን ቀን በር ላይ ቆመሽ ዞር ብለሽ ስታዪኝ፣ ተመለሺ ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ ታሰረ» አለ። ከዚያ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ እያለ ሊነሣ ታገለ። ሐኪሟ እንዳይንቀሳቀስ አስጠንቅቃኝ ነበር። ምን ላድርግ? «አውፍ ብዬሃለሁ» አልኩት። በአንቺ ቦታ ሆኜ አልኩት። እንደ ልጅ ተረጋግቶ ተኛ። ያለፈቃድሽ ነውና እኔንም አውፍ በይኝ። ከልብሽ ካልሆነ ያ ቃል አይያዝብሽ።

በማግሥቱ በስሜ ጠርቶ ውሃ ለመነኝ። ያለውን አንዱንም አያስታውስም። እኔም አልነገርኩትም።

ከችግኙ ብዙው ተቃጥሏል፤ የተረፈም አለ። ቀዳዳውን ከሀዲጃ ጋር በአሮጌ ላስቲክ ደርበን ሰፋነው። መስፊያው ያስቀይማል፤ ስታዪው አትሳቂ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሙጂብ መጥቶ የወንዙን በኩል ቬንትሌተር ወደ ውጭ እንዲያወጣ አዞረልኝ። የበሩን በኩል አወረደውና ቦታውን መስኮት አደረገው፤ እርጥብ ጆንያ አንጠለጠልኩበት። አሁን አየሩ በጆንያው በኩል ቀዝቅዞ ገብቶ በወዲያኛው ይወጣል። ላስቲኩ ማላቡን ተወ። መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ የጎኑ ላስቲክ ከታች ወደ ላይ እንዲጠቀለል ገመድ አበጀሁለት።

ኑርሁሴን ከሐኪም ቤት ሲመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቬንትሌተሩን ረጅም ጊዜ አየው። ማን አዞረው አለኝ። ባለቤቷ እንዳለችው ነው የተዞረው አልኩት። አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰና ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ጆንያው ጠዋትና ቀትር መርጠብ አለበት። እሱ ገና ጄሪካን ማንሣት አይችልም። ሀዲጃ እስከሚመጣው ሰኞ እረጫለሁ ብላኛለች፤ ከዚያ በላይ ግን የራሷ ቤት አለባት። ከተረፈው የበርበሬው ችግኝ በርትቷል፤ እጅሽን የለመደ ነገር ነውና አደራ። መኝታ ቤት ሳጥኔ የነበረበትን ጥግ ጠርጌዋለሁ፤ የአንቺ ሳጥን ይበቃዋል።

መልስ ከጻፍሽልኝ ወደ ከሚሴ፣ ወደዚህ ቤት አትላኪው። ሰንበቴ፣ እናቴ ዘንድ ይድረሰኝ።

አላህ በረካውን በቤታችሁ ያውርድ፤ የዘራችሁትን ያብቅልላችሁ፤ ከድንገተኛ ነገር ይጠብቃችሁ። በዱዓሽ አትርሺኝ፤ እኔም በሱጁዴ አልረሳሽም።

ታናሽ እህትሽ