የአራተኛው አልጋ መልስ

ሰኞ

አልጋ ዳር ያስተማርኳቸው ሁሉም «ኩላሊት» ብለው ጻፉ! አንድ እንኳ «ልብ» ያለ የለም።

ግማሾቹን ለድሬሰርነት፣ ለሐኪም ረዳትነት፣ የሚማሩ ተማሪዎቼን ሦስት ወር ክፍል ውስጥ፣ ግማሾቹን ሕመምተኛ አልጋ ዳር አስተማርኩ። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ ተማሪዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ አራት ሕመምተኞች ዘንድ አስገብቼ «ሕመሙ ምንድነው?» ብዬ አጻፍኳቸው። ክፍል የተማሩት አንዱን ያገኛሉ፣ ሌላውን ይስታሉ። አልጋ ዳር የተማሩት ሦስቱን አልጋ ያለ ስሕተት መለሱ፤ አራተኛው ላይ፣ የድሬ ጠያራው ገበሬ ሼህ ሙሜ ላይ፣ በአንድ አፍ ተሳሳቱ። እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ማዳመጫ ደረታቸው ላይ ላሳረፈ ግን ልባቸው ራሱ ይናገራል።

ዓርብ ውጤቱን ለዳይሬክተሩ አቀርባለሁ። ለእሱ ትምህርት ማለት ጥቁር ሰሌዳ ነው። ካላሳመንኩት አልጋ ዳር ማስተማር ቀረ።

ማክሰኞ

ያልገባው ተማሪ የየራሱን ይሳሳታል እንጂ እንዴት ሁሉም አንድ ዓይነት ይሳሳታል? ተኮራረጁ እንዳልል፣ አንድ በአንድ ነው የገቡት።

ፈላና በር ላይ ሰላም ያለኝን ሁሉ በሐሳብ ተውጬ ሳላይ አልፌያለሁ አሉ። ባለቤቴ «ከሰፈሩ ሁሉ ተኳረፍክ እንዴ?» አለችኝ።

ረቡዕ

ተገኘ! ሼህ ሙሜን ጠየቅኳቸው፤ አልካዱም።

«አቦ፣ ወላሂ ነግሬያቸዋለሁ። ልጁ ላቡ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ ዝም ልበል? ሲያጥቡኝ፣ ውሃ ሲያቀብሉኝ የከረሙ ልጆች ናቸው። ኩላሊት ነው ያልከኝስ አንተ አይደለህ?»

እኔው ነኝ። የገቡ ዕለት እብጠቱን አይቼ ኩላሊት ብያቸው ነበር። በማግስቱ ልብ መሆኑን ደረስኩበት፣ መድኃኒቱን ለወጥኩ፣ ለእሳቸው መንገር ረሳሁ። የሕመምተኞቹን መዝገብ ከተማሪዎቹ ቆልፌ ደበቅኩ፤ ሕመምተኛው አፍ እንዳለው አላሰብኩም። ተመራማሪ ነኝ ባይ!

ሐሙስ

ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ሼህ ሙሜን ብቻ ብሰርዝ ሦስቱ አልጋዎች ያሸንፉልኛል። ማን ያውቃል?

አላስቻለኝም፤ ሦስቱንም ሄጄ ጠየቅኩ። ሦስቱም መልሱን ለልጆቹ ነግረዋል። አንዷ እናት ጭራሽ «እንዳይነቃብህ ትንሽ ያሰብክ ምሰል ብዬዋለሁ» አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ቢሮዬ ስገባ ግን እንባዬ ቀደመኝ። የሦስት ወር ልፋቴን ውሃ በላው።

ዓርብ

ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ተቀምጦ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «እንግዲህ ማስረጃ የለህም» አለ። የለኝም። ከሰኞ ጀምሮ ሁሉም ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ጥናቱን እንደገና ልጀምር ብለው «እናስብበታለን» አለ።

ከዚያ ሼህ ሙሜ ዘንድ ሄጄ፣ ሕመማቸው ኩላሊት ሳይሆን ልብ መሆኑን ነገርኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ስል ደነገጡ።

«ያ ረቢ! ልጆቹን አሳስቼ ልቅር? ጥራልኝ እንጂ!»

ጠራኋቸው። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ራሳቸው ፈተው «ኩላሊት ያልኳችሁን ተዉት። እዚህ ነው፣ ኑ ስሙ» አሏቸው። ልጆቹ በየተራ ጎንበስ እያሉ አዳመጡ፤ አንዱ ሰምቶ አልበቃ ብሎት ተመልሶ ተሰለፈ። ወሬውን የሰሙት የክፍል ተማሪዎችም ማዳመጫቸውን ይዘው መጡ። ዳይሬክተሩ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየን፤ ቆም አለና መንገዱን ቀጠለ።

ዳይሬክተሩ ወደ ክፍል ይመለሱ ያለው ከሰኞ ጀምሮ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ጠዋት ሁሉንም ወደ ሦስተኛው አልጋ እወስዳቸዋለሁ።